የ1990ው ጦርነት፦ ዓለም ድንበር ሲያሰምር መነሻውን ማን አጣራ?

የታሪክ ወዳጅ

ጤና ይስጥልኝ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ከባድመ ተነሥቶ ባድመ ላይ ይቆማል፤ የማን ነበረች፣ ማን ቀድሞ ተኮሰ፣ ለማን ተፈረደች። እኔ የማነሣው ብዙ ሰው አልፎት የሚሄደውን አንድ አንቀጽ ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. መለስ ዜናዊና ኢሳይያስ አፈወርቂ አልጀርስ ላይ የፈረሙት ስምምነት ሥራውን ለሦስት አካላት ያከፋፍላል። አንዱ ድንበሩን የሚወስን ኮሚሽን ነው፤ ሁለተኛው የካሳ ጥያቄዎችን የሚዳኝ ኮሚሽን ነው። ሦስተኛው፣ በአንቀጽ 3 የሰፈረው፣ የግጭቱን መነሻ የሚያጣራ ገለልተኛ አካል ነው። ይህ አካል ሊያጣራ የነበረው ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ባድመ አካባቢ የደረሰውን ተኩስ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በ1989 ሐምሌና ነሐሴ የተፈጠሩትንም ግጭቶች ይጨምራል። አባላቱን እንዲሰይም ኃላፊነት የተሰጠው ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ነበር። ሁለቱ ኮሚሽኖች ተቋቁመው ለዓመታት ሠርተዋል። አጣሪው አካል ግን ከቶ አልተቋቋመም።

ይህን እንደ ተራ ቸልተኝነት ልመለከተው አልችልም። ዓለም ጉዳዩን ገና ከመጀመሪያው የድንበር ጉዳይ አድርጎ ያዘው፤ ስለዚህ የሰጠው መልስ የካርታ መልስ ሆነ። እነዚህ ሁለት መንግሥታት ግን ደርግን አብረው የጣሉ፣ በ1977 ተጣልተው በኋላ የታረቁ ድርጅቶች የመሠረቷቸው ናቸው። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ ነፃ ስትወጣ ገንዘቡ አንድ ነበር፤ ወደቡ የጋራ መጠቀሚያ ነበር። የማን ዜጋ ማን እንደሆነ አልተለየም፤ ድንበሩም መሬት ላይ አልተሰመረም። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በጥቂት መሪዎች መተዋወቅ ላይ ነበር። በነሐሴ 1989 ኢሳይያስ ድንበሩ ላይ ስላለችው ስለ ባዳ፣ ማለትም ስለ አዲ ሙሩግ፣ ለመለስ ደብዳቤ ጽፈዋል። የሁለት አገሮች የድንበር ችግር በሁለት ሰዎች ደብዳቤ ይፈታል ተብሎ ሲታሰብ የትኛውም ፓርላማ፣ የትኛውም ጋዜጣ በቅጡ አልሰማም።

ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ፈነዳ። የሞተው ሰው ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይገመታል። ይህን ያህል ሰው ያለቀበት ነገር ከየት እንደ መጣ የሚያጣራ አንድ ኮሚቴ ማቋቋም ለምን ከበደ? ሐሳባችሁን ስጡኝ።

የሽራሮ ልጅ

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን በአክብሮት አነበብኩት፤ ነገር ግን መነሻ መነሻ እየተባለ ወረራው ሲሸፋፈን ያመኛል። ግንቦት 4 ቀን 1990 ታንክ ይዞ ወደ ባድመ የገባው ማን ነው? በዚያን ጊዜ ባድመን ያስተዳድር የነበረው የኢትዮጵያ አስተዳደር ነበር፤ የነበረውም ሚሊሻና ፖሊስ ነው። አባቴ ማሳውን አርሶ ዝናብ ይጠብቅ ነበር። ከብቶቹን እየነዳን ወደ ሽራሮ ስንሸሽ ከኋላችን የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከቤት ያወጣነው አንድ ጆንያ ማሽላና የታናሽ ወንድሜን ጫማ ብቻ ነው። ጫማው ለምን እንደ ተያዘ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እናቴ በድንጋጤ ያገኘችውን ነው ያነሣችው።

የካሳ ኮሚሽኑ ራሱ ታኅሣሥ 10 ቀን 1998 በሰጠው ውሳኔ ኤርትራ በሌላ አገር ላይ ኃይል መጠቀምን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 4ን ጥሳለች ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ማጣሪያ ያስፈልጋል?

የሕግ መምህር

የሽራሮ ልጅ ያነሡት ውሳኔ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምን እንደ ወሰነና ምን እንዳልወሰነ መለየት ይገባል፤ ክርክሩ የሚሳከረው እዚህ ላይ ነውና።

ኤርትራ በኮሚሽኑ ፊት ሁለት መከላከያ አቅርባ ነበር። አንደኛው ራሴን ተከላከልኩ የሚል ነው። ኮሚሽኑ ይህን አልተቀበለም፤ ሚያዝያ 28 እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በጥቂት ወታደሮች መካከል የተደረጉ የተኩስ ልውውጦች በዚያ መጠን ጦር ለማዝመት የሚያበቁ አይደሉም አለ። ቀጥሎም፣ አንድ አገር መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ቢያምንና እምነቱም ትክክል ቢሆን እንኳ ሌላው በሰላም የያዘውን መሬት በኃይል መውሰድ አይችልም ብሎ ወሰነ። ይህ ነጥብ ከፍተኛ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም የድንበር ኮሚሽኑ ቀደም ብሎ ባድመ በኤርትራ በኩል እንደምትውል ወስኖ ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች አይጣሉም። መሬቱ የኤርትራ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ መሬቱን በታንክ መውሰድ ሕገ ወጥ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ደግሞ የታሪክ ወዳጅ የጠቀሱትን አንቀጽ 3 የሚመለከት ነው። ኤርትራ የግጭቱን መነሻ የማጣራት ሥልጣን ለሌላ አካል ተሰጥቷልና እናንተ ልታዩት አትችሉም ብላ ተከራክራለች። ኮሚሽኑ የመለሰው የእኛ ጥያቄ ስለ ሕጋዊነት ነው፤ ያኛው አካል የሚያጣራው ግን የግጭቱን አመጣጥና የድንበር አለመግባባቱን ነው፤ ስለዚህ አይጋጭም የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ኮሚሽኑ በዚህ መልሱ የመነሻው ጥያቄ የሌላ አካል ሥራ መሆኑን አረጋግጧል። ያ አካል ደግሞ የለም። ስለዚህ ጥያቄው በሕግ ዓይን እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ካዛንቺስ ያደገች

ይህን ክር ሁለት ቀን ስመለከተው ቆይቼ ነው የምጽፈው። አባቴ ከኤርትራ፣ ከአካለ ጉዛይ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል የኖረ ሰው ነበር። በ1985 ለሕዝበ ውሳኔው አዲስ አበባ ላይ ድምፅ ሰጥቷል። ድምፅ መስጫው በመንግሥት ፈቃድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ተሰልፎ ነው የተከፈተው። የድምፅ መስጫ ካርዱን ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር በአንድ ፖስታ ያስቀምጠው ነበር።

በ1990 ሰኔ ወር አንድ ሌሊት መጥተው ወሰዱት። ያቺ ካርድ የሌላ አገር ዜጋ ለመሆኑ ማስረጃ ሆነች። እናቴ የጎንደር ሰው ስለሆነች እኔና ወንድሞቼ ቀረን። በአውቶቡስ ጭነው ወደ ድንበር እንደ ወሰዱት የሰማነው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ ፖስታም አልነበረም። ደብዳቤ የምንጻጻፈው በሦስተኛ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነበር፤ አንዱ ደብዳቤ ለመድረስ ወራት ይወስድበታል።

እንደ አባቴ የተባረሩት ወደ 75 ሺህ እንደሚጠጉ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ጽፈዋል። በሌላ በኩል አሰብ ወደብ ላይ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ሥራቸውን አጥተው ወጥተዋል፤ ከአስመራም የተባረሩና በየካምፑ የታሰሩ ነበሩ። ይህን የምለው አንዱን ከአንዱ ለማመዛዘን አይደለም። የሽራሮ ልጅ፣ ያንተን ቤተሰብ ያፈናቀለው ታንክ ነው፤ የእኔን ቤተሰብ የበተነው ለአምስት ዓመት ማንም ሊመልሰው ያልፈለገ የዜግነት ጥያቄ ነው። የባድመ ካርታ በ1985 ተሰምሮ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይህ ጥያቄ አይመለስም ነበር።

የሽራሮ ልጅ

እኅቴ፣ ስለ አባትሽ አዝኛለሁ። በዚያ ጊዜ እኛ ዘንድ የሚወራው ስለ ሰላይ ብቻ ነበር፤ በሌሊት ስለሚወሰዱት ሰዎች ግን ማንም ምንም አይልም ነበር። በአንድ ነገር ግን አሁንም አልስማማም፤ የዜግነት ጥያቄ አልተመለሰም ብሎ ታንክ የሚያዘምት የለም። ታንኩን ያዘመተው ሰው ውሳኔ ነው።

ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ

በዚህ ውይይት ገንዘቡን የነካ ስላልነበረ ልጨምር። ያን ጊዜ በባንክ ውስጥ ነበርኩ።

ኤርትራ እስከ 1990 መጀመሪያ ድረስ የምትጠቀመው በብር ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ላይ የራሷን ገንዘብ፣ ናቅፋን፣ አወጣች። የአስመራ ፍላጎት ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ ሆነው በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ነበር። አዲስ አበባ ይህን አልተቀበለችም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሌላ አገር ማዕከላዊ ባንክ የሚያትመው ወረቀት በእኛ ገበያ እንደ ብር ይሠራ ከተባለ፣ የገንዘብ ፖሊሲውን የሚመራው ማን ነው? ኢትዮጵያ ወዲያው የራሷን የብር ኖት ቀየረች፤ ኤርትራ ውስጥ የቀረው አሮጌ ብር እንዳይመለስባት ነው። ቅያሪው ሲካሄድ መስኮቱ ላይ የነበረው ሰልፍ አይረሳኝም፤ ከድንበር አካባቢ የመጡ ነጋዴዎች በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ብር ይዘው ይመጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል የሚደረግ ንግድ በውጭ ምንዛሪና በኤል ሲ፣ ማለትም ባንክ ለገዢው በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ እንዲሆን ተወሰነ። ከ2,000 ብር በታች ያለ የድንበር ንግድ ብቻ ተፈቀደ። አስቡት፤ ከዓዲግራት ጤፍ ጭኖ ሰንዓፈ የሚሸጥ ሰው፣ ዘመዶቹ በሁለቱም በኩል ያሉ ሰው፣ ድንገት ባንክ ሄዶ ኤል ሲ ክፈት ሲባል። የኤርትራ ንግድ በአመዛኙ ወደ ኢትዮጵያ ነበርና ጉዳቱ አስመራን ክፉኛ መታት። እኛም ዘንድ የተከፋው ሰው ጥቂት አልነበረም፤ ኤርትራውያን በአገራችን ቡና ይነግዳሉ፣ ወደቡን ግን ያስከፍሉናል የሚል ቅሬታ በየቢሮው ይሰማ ነበር።

ጦርነቱ የተጀመረው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ጦርነቱን ገንዘቡ ብቻ አመጣው አልልም። ሁለቱ መንግሥታት ግን ንግዱን፣ ገንዘቡንና ወደቡን በአንድ የተቋቋመ አሠራር ማስተካከል ሲያቅታቸው ቂሙ እየተጠራቀመ ሄደ። ቂሙ ሲበዛ ደግሞ ባድመ ላይ የተተኮሰች ጥይት የምታስከትለው ነገር ይለወጣል። የአሰብም ነገር እንዲሁ ነው። ጦርነቱ እንደ ተነሣ የኢትዮጵያ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ወደቡም ጭር አለ።

ዲፕሎማሲ ተከታታይ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ የገንዘቡ ነገር በዲፕሎማሲው ጠረጴዛ ላይ ከቶ አልቀረበም ለማለት ይቻላል። የቀረበውን ልዘርዝር፤ የዓለም ምላሽ ዘግይቶ ነበር የሚለው ወሬ በከፊል ብቻ ነው እውነት የሆነው።

ሸምጋዮቹ በፍጥነት ደረሱ እንጂ አልዘገዩም። ጦርነቱ በተጀመረ ቀናት ውስጥ ከአሜሪካ ያን ጊዜ የአፍሪካ ጉዳዮች ረዳት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሱዛን ራይስ፣ ከሩዋንዳ ያን ጊዜ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ፖል ካጋሜ ሁለቱን ወገኖች ያነጋግሩ ነበር። ያቀረቡት ሐሳብ ኤርትራ ከሚያዝያ 28 በፊት ወደነበረችበት ትመለስ፣ ታዛቢ ይግባ፣ ድንበሩ ይሰመር የሚል ነበር። ኢትዮጵያ ተቀበለች፤ ኤርትራ አልተቀበለችም። ሐሳቡ ይፋ በወጣ ማግሥት፣ ግንቦት 28 ቀን 1990፣ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች አስመራ አውሮፕላን ማረፊያን ደበደቡ፤ የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ዓይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ላይ በወደቀው የክላስተር ቦምብ 53 ሰው መሞቱን፣ 185 ሰው መቁሰሉን የካሳ ኮሚሽኑ መዝግቧል፤ ከሞቱት ውስጥ 12ቱ ተማሪዎች ነበሩ። ከአሥር ቀን በኋላ ክሊንተን ለሁለቱም መሪዎች ስልክ ደውለው የአየር ድብደባው እንዲቆም አስማሙ። ከመላው የሽምግልና ሥራ ወዲያው ሕይወት ያተረፈው ይህ አንድ ስልክ ይመስለኛል።

ከዚያ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያዘው። በጥቅምት 1991 መጨረሻ ዋጋዱጉ ላይ የማዕቀፍ ስምምነት ቀረበ። ኢትዮጵያ ተቀበለች። ኤርትራ «ባድመና አካባቢዋ» ማለት እስከ የት ነው የሚሉ ማብራሪያዎችን ጠየቀች። በጥር 1991 መጨረሻ ጦርነቱ አገረሸ፤ በየካቲት የኢትዮጵያ ጦር በዘመቻ ፀሐይ ግባት ምሽጉን ሰብሮ ባድመን አስለቀቀ። ኤርትራ ያን ጊዜ የማዕቀፍ ስምምነቱን ተቀበልኩ አለች። ቀጥሎ በ1991 ክረምት የአፈጻጸም ቴክኒካዊ ዝግጅቶች ሲቀርቡ ኤርትራ ተቀበለች፤ አሁን ደግሞ ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። በጦር ሜዳ የተሻለ የያዘው ወገን ፊርማውን ሲያዘገይ፣ የከፋበት ደግሞ ብዕር ይዞ ሲሮጥ ሁለት ዓመት አለፈ።

የፀጥታው ምክር ቤት ግን በእውነት የሚወቀስበት ነገር አለ፤ እርሱም የጦር መሣሪያው ጉዳይ ነው። በየካቲት 1991 ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 1227 አገሮች ለሁለቱ ወገኖች መሣሪያ መሸጥ እንዲያቆሙ «አጥብቆ ያሳስባል»፤ አያስገድድም። ኢትዮጵያ ሱ-27 ተዋጊ አውሮፕላኖችን ከሩሲያ ገዛች፤ ኤርትራ ሚግ-29 ታጠቀች። በዓለም ካሉት እጅግ ድሃ አገሮች መካከል የሚቆጠሩ ሁለት አገሮች ናቸው። በ1992 ኦጋዴን በድርቅ ተመትቶ ሕፃናት ጎዴ ላይ እየሞቱ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር በነበሩት በሪቻርድ ሆልብሩክ የሚመራ የምክር ቤቱ ልዑክ አዲስ አበባና አስመራ ተመላልሶ ባዶ እጁን ሄደ፤ ግንቦት 4 ቀን፣ ኤርትራ ባድመ በገባችበት ቀን ልክ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ኢትዮጵያ የመጨረሻውን ታላቅ ማጥቃት ጀመረች። አስገዳጁ የመሣሪያ ማዕቀብ፣ ውሳኔ ቁጥር 1298፣ የወጣው ግንቦት 9 ነው። በማግሥቱ ባሬንቱ ተያዘች። ማዕቀቡ የደረሰው መሣሪያው ሁሉ ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ነው።

በ1991 ጸደይ የዓለም ዓይን ኮሶቮ ላይ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም። እዚያ በወራት ውስጥ የዘመቱ አገሮች ለእኛ የላኩት መልእክተኛ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገና የገባሁ

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ከጦርነቱ በኋላ የተወለድኩ ነኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ውሳኔው በ1994 ሲነገር ኢትዮጵያ ውስጥ ባድመ ለእኛ ተፈረደች ተብሎ እንደነበር አባቴ ይነግረኛል። መምህር ግን ለኤርትራ ነው የዋለችው ይላሉ። እንዴት ሁለቱም ይሆናል?

የሕግ መምህር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አባትህም የሰማው እውነት ነው።

በኤሊሁ ላውተርፓክት ሰብሳቢነት የተቀመጠው የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን የሰጠው ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ነው። የተሰጠው ሥልጣን ጠባብ ነበር። ስምምነቱ አንቀጽ 4 ላይ ውሳኔው እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 በተፈረሙት የቅኝ ግዛት ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ እንዲመሠረት ያዛል፤ ርትዕን ወይም የአካባቢውን ሕዝብ ኑሮ መሠረት አድርጎ እንዲወስን አይፈቅድለትም። ሁለቱ መንግሥታት ራሳቸው ተስማምተው ነው እጁን ያሰሩት። ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆንም ፈርመዋል።

የመጀመሪያው ሰነድ ባድመን በስም ጠርቶ በየት በኩል እንደዋለች አልተናገረም። መስመሩን በነጥቦች ነው የገለጸው፤ በምዕራቡ ክፍል ከሰቲት ወንዝ ተነሥቶ መረብ ላይ የሚደርስ ቀጥታ መስመር ነው። በዚያው ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ መሰጠቷን ለሕዝቡ አበሰሩ፤ አዲስ አበባና መቀሌ ደስታ ሆነ። አስመራም በበኩሏ አሸነፍኩ አለች። በመጋቢት 1995 ኮሚሽኑ በማያሻማ ቋንቋ ባድመ በኤርትራ በኩል መሆኗን፣ ኢትዮጵያ ያቀረበችው የአስተዳደር ማስረጃም መስመሩን ለማስለወጥ እንዳልበቃ ገለጸ። ኢትዮጵያ ውሳኔው በከፊል ኢፍትሐዊ ነው አለች፤ በ1997 ባለ አምስት ነጥብ የሰላም ዕቅድ አቅርባ ውሳኔውን በመርሕ ደረጃ እቀበላለሁ፣ ግን እንነጋገር አለች። ኤርትራ ከተፈረደ ነገር ላይ ምን ድርድር አለ ብላ እምቢ አለች። ኮሚሽኑ ችካል መትከል ሲያቅተው ነጥቦቹን በካርታ ላይ ብቻ አስፍሮ ኅዳር 20 ቀን 2000 ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ተበተነ።

አሁን ዓለም ምን አደረገ ብለህ ጠይቅ። ሰኔ 11 ቀን 1992 በተፈረመው የተኩስ ማቆም ስምምነት አንቀጽ 14 ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዋስ ሆነው ገብተዋል፤ ቃሉን የጣሰ ወገን ካለ የፀጥታው ምክር ቤት በቻርተሩ ምዕራፍ ሰባት መሠረት እርምጃ ሊወስድ እንደሚችል ተጽፏል። ኢትዮጵያ ችካሉ እንዳይተከል ስትል ምንም አልመጣም። ኤርትራ በ1998 መስከረም የተባበሩት መንግሥታትን ሰላም አስከባሪ ኃይል ሄሊኮፕተር ስትከለክል፣ በኋላም ነዳጅ ስትዘጋበት ከማስጠንቀቂያ ያለፈ አልመጣም። እስከ 4,200 ወታደር የተፈቀደለት፣ ኤርትራ ውስጥ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ጊዜያዊ የፀጥታ ቀጣና ሲጠብቅ የኖረው ኃይል በሐምሌ 2000 ሥራው ተቋረጠ። ወታደሮቹ ወጡ፤ ሁለቱ ጦሮች ተፋጠው ቀሩ።

ከዓሊቴና

መስመሩ ከተነሣ አይቀር የኢሮብን ነገር ልንገራችሁ። ባድመ ባድመ ሲባል የእኛ ስም አይጠራም። ዓሊቴናና ዛላምበሳ ለኢትዮጵያ ቢዋሉም መስመሩ የኢሮብን መሬት ከሁለት ይከፍለዋል። እኛ ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ ቋንቋችን ሳሆ ነው፤ አንድ ጎሳ፣ አንድ ደብር፣ አንድ የግጦሽ መሬት የምንጋራ ሰዎች ነን። ጣሊያን ያልተራመደበትን ገደል በካርታ ላይ ያየ ሰው አጎቴን ወደ አንዱ አገር፣ የአጎቴን የንብ ቀፎዎች ወደ ሌላው አገር አደረጋቸው። መምህር እንዳሉት ኮሚሽኑ የሕዝቡን ኑሮ እንዲያይ አልተፈቀደለትም። ለምን አልተፈቀደለትም? እኛን ማን ጠየቀን?

ዛላምበሳንም ከጦርነቱ በኋላ አይቻታለሁ። ቆሞ የቀረ ቤት ማግኘት ችግር ነበር።

የታሪክ ወዳጅ

ከዓሊቴና የጻፉት ወንድሜ፣ ጥያቄዎን የምመልስበት ነገር የለኝም፤ ነገር ግን እርስዎ፣ ካዛንቺስ ያደገችው እኅቴና ጋሼ የባንክ ሠራተኛው ያመጣችሁት ነገር የእኔን ነጥብ ከእኔ በተሻለ አስረድቷል። ዜግነት፣ ገንዘብ፣ ወደብ፣ የተከፈለ ጎሳ። አንዱም ለድንበር ኮሚሽኑ አልቀረበም። ለካሳ ኮሚሽኑ የቀረበው ጉዳቱ ብቻ ነው፤ እርሱም በነሐሴ 2001 የመጨረሻውን ሂሳብ ሲያወጣ ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ወሰነ። ሁለት ዓመት ተኩል የፈጀው ጦርነት ሂሳብ ተቀናንሶ ልዩነቱ አሥር ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ።

ለሽራሮ ልጅም እመልሳለሁ። ወረራው ወረራ ነው፤ ተፈርዶበታል፤ አልሸፋፍነውም። ነገር ግን ማን ጥፋተኛ ነው የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ለምን እዚያ ደረስን የሚለው ሳይመለስ ሲቀር የሚመጣውን አይተናል። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዐቢይ አሕመድና ኢሳይያስ አስመራ ላይ የጦርነቱ ዘመን አበቃ ብለው ሲፈርሙ እንደማንኛውም ሰው አልቅሻለሁ። በ2011 መስከረም ዛላምበሳና ቡሬ ሲከፈቱ ሰው ሲተቃቀፍ አየን። ግን ያን ጊዜም ምን ነበር? እንደገና ጥቂት መሪዎች ተግባብተው ነበር። የጉምሩክ ስምምነት፣ የምንዛሪ ስምምነት፣ የዜግነት ስምምነት ሕዝብ አንብቦት ያውቃል? በሮቹ በወራት ውስጥ አንድ በአንድ ሲዘጉም ማብራሪያ የሰጠን የለም። በ1985 የተሠራውን ያለ ተቋም የሚመራ ወዳጅነት በ2010 ደገምነው። የ1990ውን መነሻ ያጣራ፣ በማኅተም የታተመ ሪፖርት በእጃችን ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ፓርላማው ሊጠይቅበት የሚችል ወረቀት ይኖር ነበር።

ካዛንቺስ ያደገች

በ2010 ክረምት ወንድሜ በመጀመሪያው አውሮፕላን አስመራ ሄዶ ነበር። አባታችን ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው የሞተው። መቃብሩን ጎብኝቶ፣ ከአክስቶቻችን ጋር ተዋውቆ መጣ። የአባቴን ፖስታ ሰጡት፤ የድምፅ መስጫ ካርዱ እዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ያን ሌሊት የወሰዱት ሰዎች ዘንድ ቀርቷል።

መምህር፣ የካሳ ኮሚሽኑ ስለ ተባራሪዎቹ ምን እንዳለ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

የሕግ መምህር

እኅቴ፣ ኮሚሽኑ ጉዳዩን ከፋፍሎ ነው ያየው። በሕዝበ ውሳኔው ለመሳተፍ የተመዘገቡ ሰዎች የኤርትራን ዜግነት አግኝተዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም መንግሥታት እስከ ጦርነቱ ድረስ እንደ ኢትዮጵያዊም ስላስተናገዷቸው ጥምር ዜግነት ነበራቸው አለ። በጦርነት ጊዜ ለደኅንነት ያሰጋሉ ተብለው በሥርዓት የተለዩትን ዜግነት መንፈግና ማስወጣት ለኢትዮጵያ የተፈቀደ ነው ብሏል። ያለዚያ ሥርዓት ዜግነታቸውን የተነፈጉትንና የተባረሩትን በሚመለከት ግን ኢትዮጵያን ተጠያቂ አድርጓል። ኤርትራንም በበኩሉ በእርሷ ግዛት በነበሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ለደረሰው እስርና በደል ተጠያቂ አድርጓታል። አባትዎ በየትኛው ክፍል ይገቡ እንደነበር ፋይላቸውን ሳላይ መናገር አልችልም።

ዩኒቨርሲቲ ገና የገባሁ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ያ አጣሪ አካል ዛሬም ሊቋቋም ይችላል? ወይስ ጊዜው አልፎበታል?

የሕግ መምህር

ስምምነቱ ሪፖርቱ በወቅቱ እንዲቀርብ ከማለት በቀር የቀን ገደብ አላስቀመጠለትም። አባላቱን የመሰየም ሥልጣን የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአፍሪካ ኅብረት ተተክቷል፤ ስለዚህ ጥያቄው ለኅብረቱ ይቀርባል። ሁለቱ መንግሥታት መተባበር አለባቸው፤ እርሱ ነው አስቸጋሪው። ተመራማሪ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ሊጀምር ይችላል። የኢሳይያስና የመለስ ደብዳቤዎች ታትመው ወጥተዋል። የ1989ኙን የባዳ ግጭት ያዩ የአፋር ሽማግሌዎች አሉ። በዚያ ዘመን ከሁለቱም በኩል ተሰይሞ የነበረው የጋራ የድንበር ኮሚቴ አባላት የነበሩ ሰዎችም አሉ።

የሽራሮ ልጅ

አባቴ ሰማንያውን አልፏል፤ ያን ሳምንት ቀን በቀን ያስታውሳል፤ ከሚያዝያ 28 በፊት እነማን መጥተው ማሳውን ይለኩ እንደነበርም ይናገራል። መምህር፣ በመጪው ወር ወደ ቤት እሄዳለሁ። የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ጽፈው ቢልኩልኝ ድምፁን ቀድቼ አመጣለሁ። ከድንበሩ ማዶ ያለ ሰውም እንዲሁ ቢያደርግ እፈልጋለሁ።

ካዛንቺስ ያደገች

በአክስቶቼ በኩል እኔ እጠይቃለሁ። ጥያቄዎቹን ለሁለታችንም አንድ ዓይነት አድርገው ይላኩልን።